ነፋስ ቀንስልኝ አትበሉኝ

ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ መውጫው ላይ ጎሚስታ ነኝ። በቀን ቢያንስ ሦስቴ "ቆላ ልወርድ ነው፣ ከተሳቢው ጎማ ነፋስ ቀንስልኝ" እባላለሁ። የሚለኝ ሰው ጅቡቲ መቶ ጊዜ ደርሶ የተመለሰ ሾፌር ነው፣ የእኔን ምክር የት ይሰማል። ስለዚህ ልጻፈው፣ ምናልባት ረዳቱ ያነብለታል።

ሐሳባቸው ይገባኛል። አፋር ያለው ሚሌ ይሞቃል፣ ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ይወጠራል፣ ከዚያ ይፈነዳል ነው። መወጠሩ እውነት ነው። 120 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ጎማ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ ይጨምራል። ፋብሪካው ግን ይህን አስቦበታል። ጎኑ ላይ የተጻፈው ልክ ለሙሉ ጭነት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ የሚለካ ነው። ጎማን የሚገድለው የነፋስ ማነስ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው እንዴት እንደሚግል ታውቃለህ አይደል? ጎማውም እንደዚያው ከውስጥ ይግላል፣ ሽቦውና ላስቲኩ ይላቀቃሉ፣ ከዚያ ቡም! ሙቀት ፈርተህ ሙቀት ጨመርክበት ማለት ነው። መንገድ ላይ ሞቆ ሳለ ማስተንፈስማ የባሰ ነው፣ ሲበርድ ምን ሊተርፈው?

አንድ ቦሎቄ የጫኑ ጋሼ 20 ቀንስ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ተቆጥተው ሌላ ቦታ ሄደው አስቀነሱ። በማግሥቱ ደወሉልኝ፤ ሚሌ ሳይደርሱ ከተሳቢው መንታ ጎማ ሁለቱም ሄደዋል። አንዱ ሲፈነዳ ሸክሙ ሁሉ ጓደኛው ላይ ይወድቃል፣ እሱም ብዙ አይቆይም። ተሳቢ ስለሆነ ደግሞ ጋቢና ውስጥ አልተሰማቸውም፤ ከኋላ የመጣ መኪና ነው በጥሩምባ የነገራቸው። ወላሂ አልሳቅኩም። ትንሽ ግን ደስ ብሎኛል።

ደሴ የተሞላ ጎማ ከፍታው ሲቀንስ ይወጠራል የሚሉም አሉ። ተገላቢጦሽ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ሚሌ 500 ገደማ ናቸው። ስትወርድ የውጪው አየር ይከብዳል፣ ሙቀቱን ትተን መለኪያው እንዲያውም ወደ 3 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል።

በብረት እየመቱ በድምፅ መለየትስ? ባዶውን ትለያለህ። 100ውን ከ120ው እኔም አልለይም። መለኪያ ግዛ፣ ጠዋት ሳትንቀሳቀስ ለካ።

በተራ ነፋስ ፋንታ ናይትሮጅን ይሞላልኝ የሚሉስ? ነፃው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ አብሽር።

"ተሳቢ ሞተር የለው፣ አሮጌ ጎማ ይበቃዋል።" ሸክሙን ታዲያ ማን ተሸከመው? ሐረጎ ላይ ስትጠማዘዝ ወደ ጎን የሚፋቀው የማን ጎማ ነው?

ሌላው ሕመሜ "ጥርሱ አላለቀም" ነው። አንድ ልጅ ሐይቅ ዳር ቆሞ የከረመ የጀልባ ተሳቢ እየጎተተ መጣ። አንዱ ጎማ መንገድ ላይ ተተርትሯል። "እንዴት ይሆናል? ሁለቴ እንኳ አልሄደም" ይለኛል። በሽታው እሱ ነው አልኩት። ላስቲክ ውስጥ እንዳይደርቅ የሚጠብቀው ሰም አለ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሄድና ሲተጣጠፍ ነው። ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ጎኑ ይሰነጠቃል። ያልፈነዳውን አየሁት፣ ስንጥቁ ጥፍሬን ያስገባል። ጎኑ ላይ 1516 ይላል። "ያው 2016 ነው፣ ገና ሁለት ዓመቱ" አይለኝም! ወንድሜ፣ ጎማ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የ2016 15ኛው ሳምንት፣ በእኛ ሚያዝያ 2008 ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በጥርሱ አትመኑት። ለረጅም ጊዜ የምታቆሙትን ተሳቢ በክሪክ አንሱና ድንጋይ ላይ አሳርፉት፣ ጎማውን ሸፍኑት። የጀልባ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) እንደጋለ ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ ውሃ ስቦ ግራሱን ያበላሻል።

ሁለቱንም ቀየርኩለት። አሮጌዎቹን በረባሶ የሚሠራው ጎረቤቴ ወሰዳቸው። ለእሱ እውነትም ጥርሳቸው አላለቀም።