የኑክሌር «ቦታ መረጣ ፖሊሲ» ምንድን ነው?

በየሰፈሩ የሚነሳ ጠብ አለ። የቆሻሻ ገንዳ ይምጣልን ብሎ ፊርማ ያሰባሰበው ሰውዬ፣ ገንዳው በሱ አጥር ሥር ሊቀመጥ ሲል ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ይምጣ፣ ግን እዚያ ማዶ። አሁን በገንዳው ፈንታ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አስቡ።

ቦታ መረጣ ፖሊሲ የሚባለው፣ መንግሥት ይህ ጠብ ሳይነሳ ጽፎ የሚያስቀምጠው ሰነድ ነው። አዲስ ማመንጫ የት ሊቆም ይችላል? የት ፈጽሞ አይታሰብም? በምን መለኪያ? ሰነዱ የግንባታ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ሲጠየቅ ግን ክርክሩ የሚጀመረው ከሱ ነው።

ነገሩን ጥሩ አድርጋ የምታሳየው ብሪታንያ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሳይዝዌል ቢ የተባለው ማመንጫ ከመፈቀዱ በፊት፣ ከ1983 እስከ 1985፣ ሕዝብ በተገኘበት 340 ቀን ክርክር ተሰማ። የቦታው ጉዳይ ብቻ አልነበረም የተነሳው። አገሪቱ ኑክሌር ያስፈልጋታል ወይ የሚለውም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተበጠረ። ለእያንዳንዱ ማመንጫ እንዲህ ከተባለ ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ መንግሥት በ2011 «ያስፈልጋል ወይ» የሚለውን በአገር ደረጃ አንዴ ወስኖ ዘጋው። «የት» ለሚለው ደግሞ ስምንት ቦታ በስም ጠራ፦ ሂንክሊ ፖይንት፣ ሳይዝዌል፣ ብራድዌል፣ ሃርትልፑል፣ ሄሻም፣ ኦልድበሪ፣ ሴላፊልድና ዊልቫ።

መጀመሪያ የታጩት 11 ነበሩ። ሦስቱ እንዴት እንደወደቁ ማየት ደስ ይላል። ደንጀነስ ላይ ድሮውኑ ማመንጫ ነበረ፤ ነገር ግን ዙሪያው በሕግ የተጠበቀ ብርቅ የጠጠር ዳርቻ ነው፣ ይበላሻል ተብሎ ተጣለ። ከርክሳንተንና ብሬይስቶንስ ደግሞ ምንም ያልተነካ መሬት ነበሩ። ሌክ ዲስትሪክት ለሚባለው የሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ናቸውና መልክዓ ምድሩን ያበላሻሉ ተባለ። ያለፉት ስምንቱ ሁሉም ከነባር የኑክሌር ግቢ አጠገብ ናቸው። አይገርምም። እዚያ አካባቢ አባትየው የሠራበት ግቢ ነው፣ ልጅየውም ሥራ የሚጠብቀው ከዚያው ነው።

ከመለኪያዎቹ ጎርፍ አለ፣ የባሕር ዳርቻ መሸርሸር አለ፣ የአውሮፕላን መስመር አለ፣ ማቀዝቀዣ ውኃ አለ። እኔን የሚማርከኝ ግን የሰው ቆጠራው ነው። የታሰበው ቦታ መሐል ተደርጎ ዙሪያው ክብ በክብ ይሰመራል። በየክቡ የሚኖረው ሰው ይቆጠራል፤ የቅርቡ ሰው ከሩቁ በላይ ይመዝናል። ከዚያ ክቡ እንደ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 30 ዲግሪ። የዙሪያው ድምር ቢያምር እንኳ፣ በአንዷ ቁራጭ ውስጥ ሰው ከልክ በላይ ከታጨቀ ቦታው ይወድቃል። ለምን ቢባል፣ አደጋ ቢደርስ ጨረሩን የሚወስደው ነፋስ በአማካይ አይነፍስም። ወደ አንድ ወገን ነው የሚነፍሰው።

ዝርዝር ውስጥ መግባት ግን ተሠራ ማለት አይደለም። ዊልቫን እንይ። አንግልሲ የምትባል የዌልስ ደሴት ላይ ነው ያለው። አሮጌው ማመንጫ በ2015 ተዘጋ። ሂታቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አዲስ እሠራለሁ ብሎ መጣ፣ በ2019 ገንዘቡ አልተሳካም ብሎ ሥራውን አቆመ፣ በ2020 ጨርሶ ወጣ። ፈቃዱን የመረመሩት ባለሙያዎችም ይከልከል ነበር ያሉት። ካነሷቸው ነገሮች አንዱ አጠገቡ ባለው የባሕር ዳር ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉ ተርን የሚባሉ ነጫጭ ወፎች ነበሩ። ሌላው ቋንቋ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከውጭ ሲጎርፍ የአካባቢው ቋንቋ ዌልሽ ምን ይሆናል? በ2024 መንግሥት ራሱ ዊልቫንና ኦልድበሪን በ160 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ።

የ2011ዱ ሰነድ ስምንቱን የመረጠው እስከ 2025 መጨረሻ ማመንጫ ሊቆምባቸው ይችላል ብሎ ነው። 2025 አለቀ። ከአዲሶቹ አንዱም አምፖል አላበራም። ግንባታ ላይ ያሉት ሂንክሊ ፖይንትና ሳይዝዌል ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት መንግሥት የስም ዝርዝሩን ትቶ በመለኪያ ብቻ ለመሄድ ተነሳ፦ መለኪያውን ካለፍክ፣ የትም ሁን፣ ጠይቅ። የሰው ቆጠራዋ ግን አልቀረችም። በኅዳር ወር ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ የሮልስ ሮይስ ትናንሽ ሪአክተሮች የተመረጠው ማን ሆነ? ያው ዊልቫ።

ከስምንቱ አንድም የስኮትላንድ ስም እንደሌለ ልብ ብላችኋል? የኃይል ፖሊሲ በለንደን እጅ ነው፤ ሆኖም ስኮትላንድ ውስጥ ከ50 ሜጋ ዋት በላይ ለሆነ ማመንጫ ፈቃድ የሚሰጡት የኤዲንብራ ሚኒስትሮች ናቸው። እነሱም በዛሬው ቴክኖሎጂ አዲስ ኑክሌር አንፈቅድም ብለዋል። ኑክሌርን የሚከለክል ሕግ አላወጡም፣ አላስፈለጋቸውም። ፊርማቸውን መንፈግ በቂ ነው። የቀረላቸው ቶርነስ የተባለው ነባር ማመንጫ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 2030 ነው የታቀደለት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የመንግሥት ኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። «የት» የሚለው መምጣቱ አይቀርም። የብሪታንያዎቹ ስምንቱም ባሕር ወይም የወንዝ አፍ ላይ ናቸው፤ እኛ ባሕር የለንም። እሱ መላ አለው፤ አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ በረሃ ላይ ያለው ፓሎ ቨርዴ የተባለ ማመንጫ የሚቀዘቅዘው ተጣርቶ በሚመጣ የከተማ ፍሳሽ ነው። የሚከብደው መሬቱ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነውም ሌሊት ተነስተናል። ስለዚህ ስምጥ ሸለቆው ይቅር ይባል። ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃል፤ ድፎውን በየትኛውም በኩል ቢቆርሱት ሰው የሌለበት ቁራጭ ማግኘት ጭንቅ ነው።