ተንቀሳቃሽ ካርድ ምንድን ነው?

በስልክ ወይም በኮምፒውተር በሚጫወቱት የካርድ ጌም ውስጥ የአንዳንዱ ካርድ ሥዕል ይንቀሳቀሳል፤ እሳቱ ይንቀለቀላል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ ካባው ይውለበለባል። ተንቀሳቃሽ ካርድ የሚባለው ይኸው ነው። ጨዋታው ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ከተራው ካርድ ቅንጣት ታህል አይለይም። ጉልበቱም፣ ዕድሜውም፣ ለማውጣት የሚጠይቀው ዋጋም ያው ነው። ተጫዋቹ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቢሆንም ይፈልገዋል።

ነገሩ የተጀመረው በወረቀት ካርድ ዘመን ነው። «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» እ.ኤ.አ. በ1999 የሚያብረቀርቁ ካርዶችን ፓኬቶቹ ውስጥ መቀላቀል ሲጀምር ሰው ያንኑ ካርድ ለብልጭታው ሲል በውድ ይገዛው ነበር። ስክሪን ላይ ብልጭታው እንቅስቃሴ ሆነ።

በደንብ የሚታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ብሊዛርድ የተባለው የጌም ኩባንያ «ሃርዝስቶን» ነው። እዚያ ተንቀሳቃሾቹ ወርቃማ ካርድ ይባላሉ፤ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተለበጠ ነው። ካርዱን ስትጥሉት ተጋጣሚያችሁም ያየዋል። ግማሹ ደስታ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

እንደ ካርቱን ፊልም በየፍሬሙ የሚሳል የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ባለሙያው ያለቀውን ሥዕል ይወስድና ይቆራርጠዋል፦ ጀግናው ለብቻ፣ ክንዱ ለብቻ፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ለብቻ። ክንዱ ከቦታው ሲነቃነቅ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይገለጣል፤ ሠዓሊው ያኔ ያልሳለውን ያን ቦታ አሁን መሙላት ግድ ነው። ከዚያ እሳቱና ጭሱ እንዲዋልል ይደረጋል፣ ፍንጣሪ ይጨመርበታል። እንቅስቃሴው ጥቂት ሰከንድ ሄዶ መጋጠሚያው ሳይታወቅ ወደ መነሻው ይመለሳል። ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው እዚህ ጋ ነው። ችኮላ የበዛበት ካርድ ላይ ፊቱ ሳይቀር ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይዋዥቃል፤ በደንብ የተሠራው ላይ ግን መንቀሳቀስ ያለበት ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሃርዝስቶን ላይ ካርድ ለሌላ ሰው መሸጥም ሆነ መለወጥ አይቻልም። የማትፈልጉትን ሰብራችሁ «አርኬን ደስት» የሚባል ዱቄት ታገኛላችሁ፣ በዱቄቱ የምትፈልጉትን ትሠራላችሁ። ካርዶቹ በብርቅነታቸው ከታች ወደ ላይ ኮመን፣ ሬር፣ ኤፒክና ሌጀንደሪ ይባላሉ። ተራ ሌጀንደሪ ለመሥራት 1,600 ዱቄት፣ ወርቃማውን ለመሥራት 3,200 ይፈጃል። ተራው ሲሰበር 400 ብቻ ይመልሳል፤ ወርቃማው ግን 1,600። ልብ በሉ፦ ወርቃማ ሌጀንደሪ ከፓኬት ከወጣላችሁ በእሱ ዱቄት ማንኛውንም ተራ ሌጀንደሪ መሥራት ትችላላችሁ ማለት ነው። ሬር (100) እና ኤፒክ (400) ላይም ስሌቱ ልክ እንደዚሁ ይገጥማል። ኮመን ላይ እንዲያውም ወርቃማው ሲሰበር 50 ይሰጣል፣ ተራው የሚሠራው በ40 ነው፤ 10 ትተርፋለች። አንድ ዴክ፣ ማለትም ተጫዋቹ ወደ ግጥሚያ ይዞት የሚገባው የካርድ ስብስብ፣ 30 ካርድ ይፈልጋል። እሱን ገና ያልሞላ ጀማሪ ወርቃማ ካርድ ይዞ ሲቀመጥ ሳይ ያሳዝነኛል። ስበረው!

አንድ ብልሃት ግን አለ። አንድ ካርድ ከመጠን በላይ ጠንክሮ ሲያስቸግርና ብሊዛርድ ጉልበቱን ሲቀንሰው፣ ለተወሰኑ ቀናት ካርዱን የሚሰብር ሰው የመሥሪያውን ዱቄት በሙሉ ያገኛል። ወርቃማ ሌጀንደሪ ከሆነ 3,200 ነው። ስለዚህ «ይሄ ካርድ መቀነሱ አይቀርም» ብለው የጠረጠሩ ተጫዋቾች ወርቃማውን ይሠሩና እስኪቀነስ ድረስ ተጫውተውበት፣ ከዚያ ያለ ኪሳራ ይሰብሩታል። ግምታቸው ከሳተ ግን ሌጀንደሪው ላይ ግማሹ ዱቄት ቀለጠ።

ብር የማይገዛውም አለ፦ በአንድ ጀግና (ተጫዋቹን ወክሎ በሚጋጠመው ገጸ ባሕርይ) 500 ጊዜ ያሸነፈ ተጫዋች የጀግናው ምስል ራሱ ወርቃማ ይሆንለታል። እኔ ከማከብራቸው የዚህ ዓይነት ጌጦች አንዱ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ማርቭል ስናፕ» ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ከሠሪዎቹ መሪዎች አንዱ የሆነው ቤን ብሮድ ቀድሞ ሃርዝስቶንን የመራ ሰው ነው። እዚያ ካርድ ከፓኬት ተንቀሳቃሽ ሆኖ አይወጣም፤ እናንተው ደረጃ በደረጃ ታሳድጉታላችሁ። መጀመሪያ ሥዕሉ ከክፈፉ ወጣ ይላል፣ ቀጥሎ ጥልቀት ያገኛል፣ ኤፒክ ደረጃ ሲደርስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። እያንዳንዱ እርምጃ የስብስባችሁን ደረጃ ከፍ ያደርጋል፣ አዳዲስ ካርድ የሚገኘውም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ጌጡ ከጨዋታው ዕድገት ጋር ስለተቆራኘ «እኔ መልኩ አያሳስበኝም» የሚለው ተጫዋች እንኳ ካርዱን ማሳመሩ አይቀርለትም። ካርዱ የመጨረሻው ደረጃ፣ ኢንፊኒቲ ላይ ሲደርስ ጌሙ የዚያኑ ካርድ ሌላ ቅጂ በተለየ ዳራ ይሰጥና ከታች ያስጀምረዋል።