ዲኬፒ ምንድን ነው? የዘንዶ ግዳይ ሒሳብ ከድሬዳዋ

ጊልድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የሚቋቋም የተጫዋቾች ማኅበር፣ ልንመሠርት ነው ብለው ምክር የሚጠይቁኝ የድሬና የሐረር ልጆች መጀመሪያ የሚያነሡት ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ፒንግ (ስለ ኢንተርኔቱ መዘግየት) ነው። ወር ሁለት ወር ቆይተው ሲመለሱ ጥያቄው ይቀየራል፦ «ሰው እየተበተነብን ነው፤ ዲኬፒ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?» ይህን የምጽፈው ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። እኔ መልሱን ያገኘሁት ጊልዴን ላጣ ጥቂት ሲቀረኝ ስለሆነ፣ ሌላው ቀድሞ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ዲኬፒ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ወደኛ ሲመለስ «የዘንዶ ግዳይ ነጥብ» ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤቨርኩዌስት የሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ሲወጣ ሌዲ ቮክስና ሎርድ ናጋፈን የሚባሉ ሁለት ዘንዶዎች ነበሩበት። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ካልሆነ አይሞቱም። አፍተርላይፍ የተባለ ጊልድ ውስጥ ቶት በሚል የጨዋታ ስሙ የሚታወቅ ሰው በዚያው ዓመት አንድ ሒሳብ አወጣ፦ ዘንዶው በሞተ ቁጥር የተገኘ ሁሉ ነጥብ ይያዝለት፣ ዘንዶው የሚጥለውን ዕቃ (መሣሪያ፣ ልብስ) የሚፈልግ በነጥቡ ይግዛ። ስሙ ከዚያ ቀረ። ዛሬ የሚገደለው የእሳት ጌታም ይሁን የባሕር አውሬ፣ ነጥቡ የዘንዶ ነው።

ለምን አስፈለገ? ይህን ለመረዳት ሬይድ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል። ሬይድ ጊልዱ አብሮ የሚወጣበት ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የመጀመሪያው ትልቅ ሬይድ፣ ሞልተን ኮር፣ 40 ሰው ይይዛል፤ ውስጡ 10 ቦሶች (ዋና ዋና ጠላቶች) አሉ። ታንኩ ዱላውን ይቀበላል፣ ሂለሩ ያክማል፣ የቀረው ይመታል። ከቦሶቹ አንዱ ባሮን ጌዶን ከመካከል አንድ ሰው መርጦ ቦምብ ያደርገዋል። ያ ሰው ከጓደኞቹ ሮጦ ካልራቀ በዙሪያው ያሉትን ይዞ ይፈነዳል። አንድ ሰው ለሦስት ሰከንድ ስልኩን ካየ የአርባ ሰው ማታ ይበላሻል ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እንደ ሬይድ የሚያስረዳኝ ነገር አላገኘሁም።

ችግሩ ሎሚው አርባ አለመሆኑ ነው። ቦሱ ሲወድቅ የሚጥለው ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነው። ዕቃው አንዴ የወሰደው ሰው ላይ ይታሰራል፣ ተመልሶ ለሌላ አይሰጥም። ቦሱም አንዴ ከሞተ እስከሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም፤ በአውሮፓ ሰርቨሮች የሚታደሰው ረቡዕ ነው። አርባ ሰው ሦስት ሰዓት ደክሞ፣ ሁለት ሦስት ሰው ዕቃ ይዞ፣ ሠላሳ ሰባቱ ባዶ እጁን ይተኛል። የጊልድ መሪ ትልቁ ሥራ ውጊያውን መምራት የሚመስለው ብዙ ነው። እኔም ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከባዱ ሥራ እነዚህ ሠላሳ ሰባቱ በሚቀጥለው ሐሙስ እንዲመለሱ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ2019 የድሮው ዋርክራፍት «ክላሲክ» ተብሎ እንደገና ሲከፈት ነው። ግማሾቻችን ድሬ ያደግን ነን። አንዳንዱ ከዚራና ሳቢያን ቀርቷል፣ አንዳንዱ አውሮፓ ገብቷል፤ ሌሎቹን እዚያው ጨዋታው ውስጥ አገኘናቸው። ነጥብ አልነበረንም። ዕቃ ሲወድቅ እኔ በማይክ «ይሄ የእገሌ ነው» እላለሁ፣ ያበቃል። አንድ ማታ የመጨረሻው ቦስ ራግናሮስ የተዋጊዎች መቀነት ጣለ። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር ታንክ የሆነልን ሰው ፈልጎታል። እኔ ግን ከመጣ ሁለት ሳምንት ላልሞላው ለሰፈሬ ልጅ ሰጠሁት። ምክንያት ነበረኝ፤ አዲሱ ልጅ ቶሎ ይጠንክር ብዬ ነው። ምክንያቱን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ታንኩ ምንም አላለም። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣም። ሦስት ሂለሮችም ከሱ ጋር ቀሩ። አንድ ወር ሙሉ ሰው ሳይሞላልን ቆመን ሰነበትን።

እናቴ መጋላ ገበያ የነጋዴዎች ዕቁብ ጸሐፊ ናት። ፊቴ ጠቁሮ አይታ ምን ሆነህ አለችኝ። እንደምንም አስረዳኋት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ማን ስንት እንደጣለ የት ጻፍከው?»

የጻፍኩበት ቦታ አልነበረም። አልጻፍኩትማ።

ዲኬፒ እናቴ የጠየቀችው ደብተር ነው። (አማርኛችን ዕቁብ ይጣላል ይላል፣ ግዳይም ይጣላል ይላል፤ ይህ ግጥምጥም ሁሌም ደስ ይለኛል።) አሠራሩ ቀላል ነው። በሰዓቱ የተገኘ ነጥብ ያገኛል፣ ቦስ ሲሞት በቦታው ያለ ያገኛል፣ እስከ መጨረሻው የቆየ ያገኛል። አዲስ ቦስ ለመልመድ ማታውን ሙሉ ሲሞቱ ላመሹም ነጥብ ይሰጣል። ይህን የሚረሳ መሪ ብዙ ነው፤ ከዚያ ሰው የሚመጣው ቀላል ቦስ ባለበት ቀን ብቻ ይሆናል። ዕቃ ሲወድቅ የሚፈልጉት ይጫረታሉ፣ ያሸነፈው ዋጋው ከነጥቡ ይቀነሳል።

ከዕቁብ የሚለይበት አንድ ቦታ አለ፤ መሪ የሚሆን ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ እወዳለሁ። ዕቁብ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል፤ ቀድሞ ወስዶ ኋላ የሚከፍል ስለሆነ ነው። ዲኬፒ ይህን ይገለብጠዋል። አባሉ መጀመሪያ ማታውንና እንቅልፉን ይከፍላል፣ ዕቃው የሚመጣው ኋላ ነው። ስለዚህ አባሉ ዋስ አያስፈልገውም። ዋስ የሚያስፈልገው ጊልዱ ነው። 400 ነጥብ ያለው ሰው 400 ነጥብ ያህል ያበደረን ሰው ነው፤ ጊልዱ ቢፈርስ ነጥቡን ወስዶ የሚገዛበት ሌላ ሱቅ የለውም። ብዙ መሪዎች ነጥብን እንደ ሽልማት፣ ከኪሳቸው አውጥተው እንደሚሰጡት ነገር ያዩታል። እኔ እንደ ዕዳ ነው የማየው። እንደ ዕዳ ሲያዩት ደብተሩን መደበቅ ነውር ይሆናል፤ የኛው ሠንጠረዥ ዲስኮርድ በሚባለው መነጋገሪያችን ላይ ለሁሉም ክፍት ነው።

ዕዳ ሲጠራቀም ግን የራሱ ጣጣ አለው። በሳምንት 50 ነጥብ የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ምንም ካልገዛ 2,600 ይደርሳል። ትናንት የገባው 50 አለው። አዲሱ መቼም አይደርስበትም፣ ስለዚህ ይሄዳል፤ ጊልድ ደግሞ አዲስ ሰው ካልገባበት ይደርቃል። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ከሁሉም ሰው ላይ በመቶኛ መቀነስ ነው። 10 በመቶ ቢቀነስ፣ በሳምንት 50 የሚያገኘው ሰው ምንም ሳይገዛ ቢቀመጥ ከ500 አያልፍም፤ የሚጨመርለትና የሚቀነስበት እዚያ ላይ ይተካከላል። ይህን ስናስገባ ነባሮቹ ጮኸው ነበር። «አቦ፣ የሠራሁትን ለምን ትቆርጥብኛለህ?» አለኝ አንዱ፣ እውነቱን ነው። ቁጥሩን በሠንጠረዥ ሠርቼ ካሳየሁት በኋላ ነው የተስማማው። ያለ ማስረጃ ከሰው ላይ ነጥብ አይቀነስም።

ሌላው መንገድ ድምሩ ሁሌም ዜሮ የሚሆንበት ዲኬፒ ነው። 25 ሰው ባለበት ሬይድ አንዱ በ120 ዕቃ ቢገዛ፣ ያ 120 ለቀሩት 24 ሰዎች አምስት አምስት ሆኖ ይከፋፈላል። አዲስ ነጥብ ከየትም አይፈጠርም፣ የዋጋ ንረት የለም። ባዶ እጁን የሚተኛው ሰው ቢያንስ ከገዢው ኪስ አምስት ነጥብ ይዞ ይተኛል። በጣም የሚያምር ሒሳብ ነው። ድክመቱ ቦስ ካልሞተና ዕቃ ካልተሸጠ ማንም ምንም አለማግኘቱ ነው፤ አዲስ ቦስ በሚለመድበት ወር ሰው ያስኮርፋል። ኢፒጂፒ የሚባለው ደግሞ ድካምን ለተወሰደው ዕቃ ያካፍላል፤ 600 የደከመ 200 የወሰደ ሰው ውጤቱ 3 ነው፣ 900 ደክሞ 450 የወሰደው 2 ነው፣ ስለዚህ ቅድሚያው የመጀመሪያው ነው። ጨረታ የሚባል ነገር የለውም።

የእኛው በጨረታ ነው የሚሄደው፣ ያውም በዝግ ጨረታ። ግልጽ ጨረታ ሞክረን ነበር፤ ሁለት ተዋጊዎች ተነጋግረው «አንተ ዛሬ፣ እኔ ነገ» ብለው ዕቃውን ሁሉ በርካሽ ሲያነሡት ያዝናቸው። አሁን ሁሉም ዋጋውን ለብቻዬ በጽሑፍ ይልክልኛል። ያሸነፈው የሚከፍለው ሁለተኛው ሰው ካቀረበው አንድ ነጥብ ጨምሮ ነው። ሰው የልቡን ዋጋ ቢጽፍ አይጎዳም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖረው ሂለራችን ግን ይህን ሁሉ አይወደውም፤ ክርክሩን መተው አልችልም። እሱ ያደገው አፎቻ ውስጥ ነው፤ የሐረር ሰው ሠርግም ሐዘንም የሚወጣበት ማኅበር ነው። «አፎቻ ላይ ሐዘን የደረሰበት ሰው ስንት ቀን መጥተህ ነበር ተብሎ በነጥብ አይጫረትም። ለሚያስፈልገው ይደረስለታል» ይላል። ለጨዋታው ሲተረጎም የሚፈልገው ሉት ካውንስል የሚባለውን ነው፤ ሦስት አራት ሰዎች ተቀምጠው ዕቃው ለማን ቢሰጥ ሬይዱን ይበልጥ ይጠቅማል ብለው ይወስናሉ። ጠንካራ ጊልዶች ብዙዎቹ የሚሠሩት እንደሱ ነው፤ ቦስ በቶሎ ለመጣል የተሻለ እንደሆነም አምናለሁ። ግን አፎቻ አባላቱ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት፣ ነገም መንገድ ላይ የሚገናኙበት ማኅበር ነው። የእኔ ታንክ ፊቴን አይቶ አያውቅም። የማይተዋወቅ ሰው መጀመሪያ የሚተማመነው በደብተር ነው። እስካሁን አልተስማማንም፤ የደረስንበት መሐል መንገድ የታንክ ጋሻ ሲወድቅ ያለ ጨረታ ለታንክ እንዲሰጥ ነው።

ከድሬ ሆኖ የሚመራ ሰው የሚጨምራቸው ሕጎችም አሉ። ሬይዳችን የሚጀምረው በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 20፡00 ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ለኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። በአውሮፓውያኑ ማርች የመጨረሻ እሑድ እነሱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፉ፣ የኛ በድንገት 3 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት የድሬ ልጆች በሙሉ አንድ ሰዓት አርፍደው ገቡ፣ የሰዓት ነጥባቸውንም አጡ። ስህተቱ ቀድሜ ያላሳወቅኩት የእኔ ስለነበር ነጥቡን መለስኩላቸው። መብራትም አለ። በውጊያ መሐል መብራት የሄደበት ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ በስልክ ካሳወቀ እንደ ተጠባባቂ ተቆጥሮ ነጥቡ ይያዝለታል። ተጠባባቂ ራሱ ነጥብ ያገኛል፤ ቦታ ሞልቶ ውጭ የቀረ ሰው ማታውን ለኛ ይዞ ተቀምጧልና። አንቱታ በማይበዛበት ድሬ አድገን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ የአርባ አምስት ዓመቱን ሰው «አንተ፣ ነጥብህ ትክክል አይደለም» ሲለው ማንም አይቀየምም። ይህ ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ደብተሩን ንጹሕ አድርጎልናል።

ጨዋታው ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ቀይሯል። ዋናው ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2018 መሪ ዕቃ የሚያከፋፍልበትን መንገድ አስቀርቶ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ መስጠት ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ ሬይድ ላይ ዕቃው ለቡድኑ መውደቁ ተመለሰ። ዕቃው በጨዋታው ወርቅ ተሸጦ ወርቁ የሚከፋፈልበት ጂዲኬፒ የሚሉትም አለ፤ ሰው በእውነተኛ ገንዘብ ወርቅ እየገዛ ስለሚገባበት አልወደውም፤ በ2024 በአንዳንድ የክላሲክ ሰርቨሮች ላይ ታግዷል።

ወደ ታንኩ ልመለስ። ደብተሩን ስንከፍት ሁሉም ከዜሮ ይጀምር የሚል ሐሳብ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። የድሮ ውጊያዎቻችን ዋርክራፍት ሎግስ ላይ ተመዝግበው ስለነበር ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ማን የትኛው ማታ እንደነበረ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የአራት ወሩን ነጥብ ስሙ ፊት ጽፌ፣ ሠንጠረዡን ላክሁለትና የሠራሁትን ስህተት በጽሑፍ ነገርኩት። ለሦስት ቀን መልስ አልነበረም። በአራተኛው ቀን የጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሐሙስ እመጣለሁ።»

መቀነቱ እንደገና የወደቀው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ፣ አራት ሰው ዋጋ ላከልኝ፣ ደመርኩ፣ አመሳከርኩ። ዝም ስል የሐረሩ ልጅ ማይኩን ከፈተ። «አቦ፣ ምን ትጠብቃለህ? ስሙን ጥራ እንጂ።»

ጠራሁት።