ኮሎኒያ ቶቫር፦ በቬኔዝዌላ ተራራ ላይ የተቆረቆረችው የጀርመኖች መንደር

ኮሎኒያ ቶቫር ከካራካስ በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአራጓ ክፍለ ግዛት ተራሮች ላይ የምትገኝ የቬኔዝዌላ መንደር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭጋግም ያዘወትራታል። የቆረቆሯት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1843 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ካለው ከባደን፣ በተለይም ካይዘርሽቱል ከሚባለው የወይን አገር የመጡ ጀርመናውያን ናቸው።

የነጻነት ጦርነት ሕዝቧን ያመናመነባት ቬኔዝዌላ ከአውሮፓ አራሽ ትፈልግ ነበር። ሥራውን የያዘው ጣሊያናዊው የካርታ ሊቅ አጎስቲኖ ኮዳሲ ሲሆን፣ ካርታ ይቀርጽለት የነበረውን በካይዘርሽቱል የምትገኘው የኤንዲንገን ከተማ ተወላጅ አሌክሳንደር ቤኒትስን ረዳቱ አደረገ። መሬቱን የሰጠው የቶቫር ቤተሰብ ነው፤ የመንደሯም ስም ከዚያ መጣ። በባደን በኩል ደግሞ የአባት መሬት ለልጆች እየተሸነሸነ ቤተሰብ የማይቀልብ ቁራሽ ሆኖ ስለነበር፣ ቤኒትስ በትውልድ አካባቢው የሚሰደድ ሰው አላጣም።

390 ያህል ሰዎች ከፈረንሳዩ የለሃቭር ወደብ ተነሡ። በጉዞው ላይ ፈንጣጣ ስለገባባቸው በቬኔዝዌላው የላ ጓይራ ወደብ እንዳይወርዱ ተከለከሉና ቾሮኒ በተባለች የባሕር ዳርቻ ተገልለው ከቆዩ በኋላ፣ በእግራቸው ተራራውን ወጥተው ኤፕሪል 8 ቀን ከቦታው ደረሱ። የጠበቃቸው የተመነጠረ ጫካና ያላለቀ ቤት ነበር። ተስፋ ቆርጠው የሄዱ ነበሩ፤ የቀሩት ቡና ተከሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ መቶ ዓመት ያህል መንደሯ ከውጭ ጋር የነበራት ግንኙነት የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር። ከውጭ ሰው ጋር መጋባትም የተነቀፈ ስለነበር፣ በደቡብ ጀርመን ገጠር የሚነገረው የአለማን ቀበልኛ ኮሎኒየሮ በሚል ስም፣ የስፓኝ ቃላት እየተቀላቀሉበት ከልጅ ልጅ ተላለፈ።

ያመጡትን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ነው። በኤንዲንገንም በዚሁ ቅዱስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕንጻው እንደ ክንድ ክርን የታጠፈ ሲሆን፣ ወንዶች በአንዱ ክንፍ፣ ሴቶች በሌላው ሆነው እርስ በርስ ሳይተያዩ መንበሩን ያያሉ። ወንድና ሴት በየወገኑ መቆሙ ለኢትዮጵያ ምእመን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግድግዳውን ራሱን አጥፎ መለየቱ ግን ለየት ያለ ብልሃት ነው።

ለውጡ የመጣው በ1942 የስፓኝ ቋንቋ በይፋ ሲገባና በ1963 ከካራካስ የተዘረጋው መንገድ አስፋልት ሲለብስ ነው። ዛሬ መንደሯ የምትኖረው በእንጆሪ፣ በኮክና ቅዳሜና እሁድ ሽቅብ በሚወጣው ጎብኚ ነው። የቀደምቶቹ ቤቶች በእንጨት ማገር የቆሙ ሲሆን፣ ከአዲሶቹ መካከል ማገሩ በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ በቀለም ብቻ የተሳለባቸው አሉ፤ ፎቶ አንሺው ልዩነቱን ልብ የሚለው አይመስልም። ኮሎኒየሮን አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። በካርኒቫል ሰሞን ግን ዮኪሊ የተባሉት ጭምብል ለባሽ ቀልደኞች ልክ እንደ ኤንዲንገን በመንደሯ መንገዶች ይፈነጫሉ።