«አይቶ መራቅ» ምንድን ነው?

«አይቶ መራቅ» ማለት አየሩ ጠርቶ እይታ በሚፈቅድበት ጊዜ ማንኛውም አብራሪ፣ ሲቪልም ሆነ ወታደር፣ በዙሪያው ያሉትን አውሮፕላኖች በገዛ ዓይኑ የመፈለግና ከእነርሱ የመራቅ ግዴታ ነው። ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ጋር በሬዲዮ መነጋገር ይህን ግዴታ አያስቀርም።

ደንቡ ክፉኛ የሚፈተነው በዝቅተኛው የአየር ክልል ነው። በአሜሪካ ከ10,000 ጫማ በታች የተለመደው የፍጥነት ጣሪያ 250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በወታደራዊ ማሰልጠኛ መስመሮች ላይ ግን ተዋጊ ጄቶች ከዚህ በላይ መብረር ይችላሉ። በካርታ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች ከመሬት ከ1,500 ጫማ አይበልጡም። ለሲቪል ግን ዝግ አይደሉም፤ የሰብል መድኃኒት የሚረጭ ወይም በሽተኛ የሚያመላልስ አብራሪ ያለ ፈቃድ ሊያቋርጣቸው ይችላል።

በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄትና 200 ኪሎ ሜትር የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ፊት ለፊት ሲመጡ በየሰከንዱ 278 ሜትር ይቀራረባሉ። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መመሪያ አይቶ፣ ለይቶ፣ ወስኖ አውሮፕላኑን ለማዞር 12.5 ሰከንድ ያህል እንደሚያስፈልግ ይገምታል። ስለዚህ ጄቱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ሳለ መታየት አለበት፤ በዚያ ርቀት ደግሞ 10 ሜትር የሚሆነው የክንፉ ስፋት፣ ክንድ ተዘርግቶ ከተያዙ ሁለት የጤፍ ፍሬዎች እምብዛም አይበልጥም። ይባስ ብሎ፣ ወደ ግጭት የሚያመሩ አውሮፕላኖች አንዱ በሌላው መስኮት ላይ ቦታ ሳይለውጥ ይታያል፤ ዓይናችን ደግሞ ቶሎ የሚይዘው የሚንቀሳቀሰውን ነው።

ሰኔ 30 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2015፣ በሳውዝ ካሮላይና ሞንክስ ኮርነር አቅራቢያ አንድ ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት ሴስና 150 ከምትባል ትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በሴስናዋ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ የጄቱ አብራሪ ተስፈንጥሮ ወጥቶ ተረፈ። ከግጭቱ በፊት ተቆጣጣሪው ሴስናዋ 2 ማይል ፊት ለፊት መሆኗን ለጄቱ አብራሪ ነግረው፣ ካላያት ወደ ግራ እንዲታጠፍ አዘዙት። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ «ካላየሃት» የሚለው ቃል ነው፤ መታጠፉን ከማየት ጋር ስላሰረው፣ አብራሪው ነጥቧን ሲፈልግና ርቀቱን መልሶ ሲጠይቅ ሰከንዶች አለፉ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ዋናውን ምክንያት በተቆጣጣሪው አመራር ላይ አድርጎ፣ የ«አይቶ መራቅ» የተፈጥሮ ውሱንነትን በአባባሽነት መዝግቧል። ስለዚህም አብራሪዎቹን «ለምን አላዩም?» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለሲቪሉ አብራሪ የሚጠቅመው፣ ከመነሣቱ በፊት የበረራ መረጃ አገልግሎትን ጠርቶ የትኛው ወታደራዊ መስመር በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ነው።