ኤክስቴንሽኗ በራችሁን ስታንኳኳ፦ ስለ ሕፃናት ጤናና ስለ ገንዘቡ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወሬ ከተነሳ የማይባል ነገር የለም። አንዳንዱ እውነት ነው። ብዙው ግን እናቶችንና ጨቅላዎችን የሚጎዳ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልሂድበት።

«ገንዘቡ የፈረንጅ ነው፤ እነሱ ሲተውት ያበቃለታል»

ይሄ በተለይ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ከተቋረጠ ወዲህ በየቦታው ይሰማል። የውጭ እጅ የለበትም አልልም። ክትባቱ በብዛት የሚመጣው ጋቪ በሚባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል ነው፤ መንግሥትም የድርሻውን ይከፍልበታል። መድኃኒቱም ሥልጠናውም ላይ ለጋሾች አሉ። በራችሁን የምታንኳኳው ልጅ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የታሰበው እንደዚያ ነው፦ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ በመንግሥት ደሞዝ። ደሞዙ ከወረዳ በጀት ይወጣል። የወረዳው በጀት ደግሞ ከላይ ከሚወርደው ድጎማና ወረዳው ራሱ ከሚሰበስበው ግብር ነው፤ ገበሬው የሚከፍለው የመሬት ግብር አለበት፣ የባለሱቁ ግብር አለበት። ጤና ኬላውንስ ቢሆን ስንት ቦታ ነው ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞና እንጨት አዋጥቶ ያቆመው? የራሳችንን ነገር የሌላ ሰው ምጽዋት አድርገን ስናወራ፣ ሲጓደልም «ለምን?» ብለን የመጠየቅ አቅማችን አብሮ ይጠፋል።

«ነፃ ነው፣ ስለዚህ ወጪ የለውም»

ነፃ የሆነው ለእናቲቱ ነው። ወጪውን ሌላ ቦታ ላይ አንድ ሰው ይሸፍነዋል ወይም ሥራው ይቀራል።

መንዝን የምታውቁ ሰዎች አስቡት። አንዱ ቤት እዚህ ጋራ ላይ፣ ቀጣዩ ከገደሉ ማዶ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3000 እስከ 5000 ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው፣ መጓጓዣው ደግሞ እግር ነው። ልጅቷ የምትይዘው ሚዛን፣ የሙቀት መለኪያ፣ የክንድ መለኪያ፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ፣ ለሳንባ ምች አሞክሳሲሊን ነው። ክትባት ከሆነ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ጠጋኝ መጥራት፣ ጠጋኙ የሚመጣበት መኪና፣ ለመኪናው ነዳጅ ያስፈልጋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የወረዳው በጀት አብዛኛው ደሞዝ ላይ ያልቃል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ደሞዝ እየተከፈላት፣ መድኃኒት አልቆባት ወይም ማቀዝቀዣው ቆሞባት ጤና ኬላው በር ላይ የምትቀመጥ ሠራተኛ ታያላችሁ። ሰው «ሰነፍ ናት» ይላል። እኔ አልልም። ባዶ ቦርሳ ይዛ ሦስት ሰዓት ዳገት ብትወጣ ለታመመው ልጅ ምን ልትሰጠው ነው? ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

«የልማት ቡድን ሴቶች ይሠሩታል» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሴቶች የራሳቸው ማሳ፣ የራሳቸው ልጆች ያሏቸው፣ ደሞዝ የማያገኙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነፍሰ ጡር ይጠቁማሉ፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳሉ። የባለሙያውን ሥራ ግን በእነሱ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው።

«የምትመጣው ሽንት ቤት ልትቆጥር ነው»

ሽንት ቤትም ታያለች፣ ሥራዋ ነው። አራስ ቤት ስትገባ የምታደርገውን ግን ልብ ብላችሁ እዩ። እጇን ትታጠባለች። ሕፃኑን ከተጠቀለለበት ትፈታውና ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች። 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ አደጋ ነው። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ? ጡት ይስባል ወይ? ሰውነቱ ተኩሷል ወይስ ቀዝቅዟል? እትብቱ ዙሪያ ቀልቷል? ቅቤ ተቀብቶበታል? እንገሩስ ጠባ ወይስ ታልቦ ተደፋ? ከእነዚህ አንዱ የአደጋ ምልክት ቢገኝ ልጁ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ እናትየው ግን «ተኝቷል» ብላ ልታልፈው ትችላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ጨቅላዋ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባቸው የሚለው ለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር ደረጃ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ደግሞ ከሦስት አንዷ ያህል ብቻ ናቸው።

«ክርስትና ሳይነሳ ሕፃን ከቤት አይወጣም»

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም የእናቶቻችን ወግ ነው፤ አራሷን ምች እንዳይመታት፣ ጨቅላውን ዓይን እንዳያገኘው ከመሳሳት የመጣ ነው። ግን ቀኑን ቁጠሩት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ የ45 ቀን ክትባቱ ላይ ይደርሳል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትነሳው። እስከዚያ የወር ተኩሉም የሁለት ወር ተኩሉም ክትባት አለፋት ማለት ነው፣ ሁለት ቀጠሮ፣ ሴት ስለሆነች ብቻ። ትክትክም ሳንባ ምችም እሷን አይጠብቃትም። አራሷ ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ትቆያለች እንጂ ጤና ኬላ አትሂጂ ያላት ሥርዓት የለም። አማት ወይም አያት «ይቆይ» ስትል ደግሞ ከምራቷ ይልቅ የኤክስቴንሽኗ ቃል ነው የሚሰማው። የቤት ለቤት ጉብኝቱ እዚህ ጋ ነው ዋጋው የሚታየው።

«የጤና መድህን ስላላወጣሁ ልጄ አይከተብልኝም»

ይከተባል። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ መውለድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትል በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ የመድህን ካርድ አይጠየቅባቸውም። መድህኑ ለሌላው ሕክምና ይጠቅማችኋልና አውጡት፣ ይሄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«አጭርነት የዘራችን ነው»

አንዳንዱ ቤተሰብ በዘሩ አጭር ነው፣ ልክ ነው። ግን በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 41 በመቶው ለዕድሜያቸው የቀጨጩ ነበሩ። ይህን ያህል ልጅ በዘር ብቻ አይቀጭጭም። ጅሩን የመሰለ ስንዴና ጤፍ የሚታፈስበት አገር ይዘን ልጁ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ቀጭን አጥሚት ብቻ እየጠጣ ሲያድግ፣ እንቁላሉ ገበያ ሲወጣ፣ ተቅማጡ ሲመላለስበት ነው የሚቀጭጨው። ጉዳቱም ከቁመት ያልፋል፣ አእምሮውም ትምህርቱም ላይ ይደርሳል። ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያለው 1000 ቀን ካለፈ መመለስ ከባድ ነው። ታዲያ ልጁ ሳይታመም መመዘኑ፣ ክንዱ መለካቱ ትርፍ ሥራ ይመስላችኋል?

«በጀቱ የወረዳ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን»

ያገባናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌ ላይ መጮህ ዘግይቷል፣ ከዚያ በፊት ዕቅዱ ሲዘጋጅ ነው መናገር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ መንገድና መብራት ብቻ አታንሱ። ለጤና ኬላችን ከደሞዝ ሌላ ስንት ተያዘ? ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ? አሞክሳሲሊንና ዚንክ መቼ ነው የገባው? የለቀቀችውን ሠራተኛ ማን ተካ? በሉ። መልሱንም በቃለ ጉባኤው አስይዙት፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ከዚያው ጀምሩ።