የዘረ መል አርትዖት በላቦራቶሪ አይጦች፦ ከጥቁር አንበሳ ግቢ አንጻር

የዘረ መል አርትዖት ከእንስሳ ዲኤንኤ ውስጥ የተመረጠን ቦታ ቆርጦ ሥራውን ማስቆም ወይም መለወጥ ነው። ተመራማሪው የዘረ መሉን ድርሻ የሚያውቀው እሱ ሲጎድል በአካሉ ላይ ከሚታየው ለውጥ ነው።

በአዲስ አበባ እምብርት ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆነው ሥራ በአንጋፋው ጥቁር አንበሳ ግቢ፣ በፋርማሲ ትምህርት ቤት የሚካሄደው የባህል መድኃኒት ምርመራ ነው። ከ20 እስከ 30 ግራም የሚመዝኑ ስዊስ አልቢኖ አይጦች ፕላዝሞዲየም በርጌይ የተባለውን የወባ ጥገኛ ተውሳክ ይወጋሉ፤ ከዚያም የዕፅዋቱን ጭማቂ ለ4 ቀናት ይወስዳሉ። በአምስተኛው ቀን ከጭራቸው ደም ተወስዶ በጊምሳ ቀለም ይነከርና ተውሳኩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። አባቶችና እናቶች ያቆዩን እውቀት በዚህ መንገድ ሲፈተን የቆየ በመሆኑ ሥራው ትልቅ ክብር ይገባዋል።

ሆኖም በርጌይ ሰውን አይዝም። ሰውን የሚገድለው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ደግሞ በተራ አይጥ ጉበት ውስጥ አያድግም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ኤፍአርጂ የተባለው አይጥ ሲሆን፣ ፋህ፣ ራግ2 እና አይኤል2አርጂ የተባሉት 3 ዘረ መሎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ ተደርገውበታል። የመጀመሪያው ሲጎድል የራሱ የጉበት ሴሎች ይሞታሉ፤ ሁለቱ ሲጎድሉ ደግሞ የመከላከል አቅሙ ይዳከማልና የሰው የጉበት ሴል ቢተከልበት ይቀበላል፤ ፋልሲፓረምም በዚያ ሴል ውስጥ ያድጋል። በእኔ እምነት ለወባ ምርምር ከዚህ የሚበልጥ የአርትዖት ጥቅም ማሳያ አይገኝም።

ሆን ተብሎ ዘረ መል የጎደላቸው አይጦች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ሳይንቲስቶች ካፔኪ፣ ኢቫንስና ስሚዚስ በ2007 ኖቤል ተሸልመዋል። በ2012 ኢማኑኤል ሻርፔንቲየርና ጄኒፈር ዳውድና የተባሉት ሳይንቲስቶች ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ የሚቆርጠውን ክሪስፐር የተባለ መሣሪያ አስተዋወቁ፤ በ2013 የሳይንቲስቱ ሩዶልፍ ጃኒሽ ላቦራቶሪ በአንድ ጊዜ 2 ዘረ መል የተለወጠባቸው አይጦች አስወለደ። በ20 ፊደሎቹ የሚቆረጠውን ቦታ የሚያመለክተው መሪ አርኤንኤና ካስ9 የተባለው ቆራጭ ፕሮቲን ገና አንድ ሴል ወደሆነው ጽንስ ይገባሉ፤ ጽንሱን ሌላ እንስት ተሸክማ በ3 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች። ቆራጩ አንዳንዴ ያልታሰበ ቦታም ሊነካ ስለሚችል የተወለዱት ሁሉ ይመረመራሉ።

በአገራችን ጉዳዩን የሚመለከተው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል። የራሱ ዘረ መል ብቻ ተቆርጦ ባዕድ ዘረ መል ያልገባበት እንስሳ በአዋጁ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለው ያከራክራል።

ኤፍአርጂ አይጥ ጉበቱ እንዳይከሽፍ የሰው ሴል እስኪተከልበት ድረስ ኒቲሲኖን የተባለ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከተውሳክ የጸዳ ጎጆ፣ ምግብና የተጣራ አየርም የግድ ያስፈልጉታል።